ለከተማችንና ለቀበሌያችን የትኛው የውሃ አስተዳደር ይበጃል? ከሌሎች አገሮች ልምድ ጋር ለወሎ የቀረበ ንጽጽር

በደሴ ከተማ ውሃ በፈረቃ የሚጠብቅ ቤተሰብ ሁሉ የሚያውቀው ድምፅ አለ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አውቆ ክፍት የተተወው ቧንቧ መጀመሪያ አየር ይተነፍሳል፤ ቀጥሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ያስልና የደፈረሰ ውሃ ይተፋል። ያን ጊዜ የቤቱ ሰው ከእንቅልፉ ተነሥቶ ውሃው እስኪጠራ ይጠብቅና ጀሪካኑን፣ ባልዲውን፣ አቅም ያለውም ሮቶውን መሙላት ይጀምራል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ያንን ሌሊት ማሳጠር በእጃቸው ላለ ሰዎች ነው፤ እነሱም የከተማ ውሃ ቦርድ አባላት፣ የገጠር ቀበሌ ውሃ ኮሚቴዎች፣ እንዲሁም በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ አገር ሆነው ለትውልድ ቀዬአቸው ውሃ ለማስገባት ገንዘብ የሚያሰባስቡ የወሎ ተወላጆች ማኅበራት ናቸው።

ውሃ በሕዝብ እጅ ይሁን ወይስ ለግል ድርጅት ይሰጥ የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከባለቤትነት ነው። የልዩ ልዩ አገሮችን ልምድ ጎን ለጎን ሳስተያይ ግን ውጤቱን የወሰነው የባለቤቱ ማንነት ሳይሆን ገንዘቡ የሚያድርበት ቦታ፣ ቆጣሪው በትክክል መነበቡና ሲሰበር የሚመጣው ሰው መታወቁ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ስለዚህ አማራጮቹን ከማየታችን በፊት መመዘኛዎቹን እናስቀምጥ።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ የገንዘቡ ማደሪያ ነው። ከውሃ የተሰበሰበው ብር ተመልሶ ለፓምፕ፣ ለቧንቧና ለሠራተኛ ይውላል ወይስ ከሌላ በጀት ጋር ተቀላቅሎ ለሌላ ጉዳይ ይወጣል? በ1991 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ የከተማ ውሃ ሙሉ ወጪውን እንዲሸፍን፣ የገጠሩ ደግሞ ቢያንስ የማንቀሳቀሻና የጥገና ወጪውን እንዲችል ያስቀምጣል። ይህ የሚሆነው ሒሳቡ ለብቻው ሲያዝ ብቻ ነው።

ሁለተኛውና እኔ ከሁሉ የማስበልጠው መመዘኛ የሚባክነው ውሃ መጠን ነው። ባለሙያዎች ገቢ የማያስገኝ ውሃ ይሉታል፤ ከመሬት ሥር የሚፈሰውን፣ በድብቅ የሚቀጠለውንና ቆጣሪው ሳይቆጥረው የሚያልፈውን ሁሉ ያጠቃልላል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ማለት 20 ሊትር የሚይዙ 50 ጀሪካኖች ማለት ነው። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ዳገትና ቁልቁለት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። እንዲህ ባለ መልክዓ ምድር ውሃ ወደ ላይ ይገፋል፤ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 100 ሜትር ወደ ላይ ለመግፋት ፓምፑና ሞተሩ የሚያባክኑትን ጨምሮ 0.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። ወደ ላይ ተገፍቶ ማጠራቀሚያ ከገባ በኋላ የሚፈስ ውሃ መብራቱም ተከፍሎበታል፣ ክሎሪኑም ገብቶበታል። በምሳሌ እንየው፦ አንድ ሜትር ኩብ ለማምረት 20 ብር ይፈጃል እንበል። ከ100 ሜትር ኩብ 35ቱ ከባከነ፣ የቀረው 65 የመቶውን ወጪ መሸከም ስላለበት ዋጋው ወደ 31 ብር ይጠጋል፤ የሚባክነው 15 ብቻ ቢሆን ግን 23 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ይበቃ ነበር። ታሪፍ ይጨመር የሚል ሐሳብ ለቦርድ ሲቀርብ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ልዩነት ነው።

ሦስተኛው መመዘኛ ብልሽት ከደረሰ በኋላ ውሃው በስንት ቀን ይመለሳል የሚለው ነው። አራተኛው ድሃው በጀሪካን የሚከፍለው ዋጋ ነው፤ ምክንያቱም ቆጣሪ የሌለው ቤተሰብ ከጎረቤት ወይም ከጋሪ ሲገዛ በሊትር የሚከፍለው ባለ ቆጣሪው ከሚከፍለው እጅግ ይበልጣል። አምስተኛው ውሳኔው የማያዋጣ ሆኖ ቢገኝ ያለ ከባድ ኪሣራ መመለስ መቻሉ ነው።

ከዚህ ጋር የሕጉ ወሰን መታወቅ አለበት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎታል፤ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም ይህንኑ ለውሃ ያጸናል። ስለዚህ ለእኛ ምርጫው ማን ያስተዳድር፣ በምን ዓይነት ውል የሚል እንጂ ምንጩ ይሸጥ ወይስ አይሸጥ የሚል አይደለም።

ሀ. ራሱን የቻለ የሕዝብ ድርጅት

ለዚህ አማራጭ ከሁሉ የሚጠቅመን የካምቦዲያ ዋና ከተማ የፕኖም ፔን ታሪክ ነው፤ የጀመረው ከጦርነት ፍርስራሽ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1993 ከሚመረተው ውሃ 72 በመቶው ገቢ አያስገኝም ነበር፤ አገልግሎቱን የሚያገኘው ከከተማው ሕዝብ አምስት አንዱ ያህል ሲሆን እሱም ውሃ የሚያየው በቀን 10 ሰዓት ገደማ ነበር። በዚያ ዓመት ኤክ ሶን ቻን የተባሉ መሐንዲስ የድርጅቱ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ቤት ለቤት እየዞሩ ደንበኛ አስቆጠሩ፣ ለሁሉም ቆጣሪ አስገቡ፣ በድብቅ መስመር ይቀጥሉ የነበሩትን የራሳቸውን ሠራተኞች ቀጡ፣ ብክነት ለቀነሰ ቡድን ደግሞ ጉርሻ ሰጡ። አንድ የጦር ጄኔራል ቤት ቆጣሪ ለማስገባት ሄደው ሽጉጥ እንደተደገነባቸው ራሳቸው ተናግረዋል፤ የታጠቀ ኃይል ይዘው ተመልሰው የጄኔራሉን መስመር ቆረጡ።

ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ግን ከድፍረቱ ይልቅ ቀጥሎ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 መንግሥት ድርጅቱ በገንዘቡና በሠራተኛው ላይ ራሱ እንዲወስን በደንብ ፈቀደለት። ታሪፍ በሦስት ደረጃ ሊጨመር ታስቦ እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ2001 ተጨመረ፤ ብክነቱ ስለቀነሰና ገቢው ወጪውን ስለሸፈነ ሦስተኛው ጭማሪ ሳያስፈልግ ቀረ። ድሃ ቤተሰቦች የማስገቢያውን ዋጋ በቅናሽና በየወሩ እየከፈሉ መስመር አስገቡ። ከአሥር ዓመት በላይ በፈጀ ሥራ ብክነቱ ወደ 6 በመቶ ገደማ ወረደ፤ ውሃውም ቀንና ሌሊት መፍሰስ ጀመረ። ይህ ሁሉ ሲሆን ድርጅቱ የመንግሥት ነበር።

የኡጋንዳ ብሔራዊ የውሃና ፍሳሽ ኮርፖሬሽንም እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በዚሁ መንገድ ተጉዟል። ዋናው መሥሪያ ቤት ከየከተማው ቅርንጫፍ ጋር የአፈጻጸም ውል እየፈረመ፣ ግቡን የመታውን ሲሸልም ያልመታውን ሲጠይቅ ቆይቶ ከኪሣራ ወጥቷል። ብክነቱ ግን እንደ ፕኖም ፔን አልወረደም።

የዚህ አማራጭ ድካም የሚታወቅ ነው። የከተማ ውሃ ቦርድ ሰብሳቢ ብዙ ጊዜ የከተማው አመራር ስለሆነ፣ ሥራ አስኪያጁ ያልከፈለ ትልቅ ደንበኛን ለመቁረጥ የሚያስፈልገውን ድጋፍ ከራሱ አለቃ መጠበቅ ይኖርበታል። ራስን መቻል በወረቀት ላይ ኖሮ ገንዘቡ እንደ ቀረጥ ወደ ሌላ በጀት የሚሄድበት፣ ባለሙያው በየዓመቱ የሚዛወርበት ከተማ ስሙን እንጂ አሠራሩን አልያዘም።

ለ. ንብረቱ የመንግሥት፣ ሥራው በውል የተሰጠ

ሴኔጋል እ.ኤ.አ. በ1996 የቀድሞውን የውሃ ድርጅት አፍርሳ ንብረቱንና ኢንቨስትመንቱን ለአንድ የመንግሥት ድርጅት ሰጠች፤ ማምረቱን፣ ማከፋፈሉንና ገንዘብ መሰብሰቡን ደግሞ በኪራይ ውል ለግል ኦፕሬተር። በአሥር ዓመት ውስጥ ብክነቱ ከ32 በመቶ ወደ 20 በመቶ ገደማ ወርዷል፤ ለድሃ ሰፈሮችም በድጎማ ብዙ መስመር ገብቷል። ውሉ ኦፕሬተሩ የብክነትና የገቢ አሰባሰብ ግቡን ካልመታ ከድርሻው እንዲቀነስበት ስለሚያደርግ ትርፉ ከሥራው ጥራት ጋር ተሳስሯል።

ተመሳሳይ የኪራይ ውል ዳሬሰላም ላይ ሲሞከር ግን ለ10 ዓመት የተፈረመው ሥራ ከተጀመረ ሁለት ዓመት ሳይሞላው እ.ኤ.አ. በ2005 ፈረሰ፤ ክርክሩም እስከ ዓለም አቀፍ ግልግል ዳኝነት ደረሰ። ውል የሚጽፍ፣ የሚከታተልና ሲጣስ የሚጠይቅ ብርቱ የመንግሥት ወገን በሌለበት ይህ አማራጭ ይከብዳል። ለአንድ ትንሽ ከተማ ሙሉ ኪራይ አልመክርም፤ የቆጣሪ ንባብን፣ የፓምፕ ጥገናን ወይም የቦኖ ውሃ ሽያጭን ብቻ ለወጣቶች ማኅበር ወይም ለትንሽ ድርጅት በዓመት ውል መስጠት ግን ከአቅማችን በላይ አይደለም።

ሐ. ኮንሴሽንና ሙሉ ሽያጭ

ኮንሴሽን ማለት ሥራውም ኢንቨስትመንቱም ለረጅም ዘመን ለግል ኩባንያ በውል ሲሰጥ ነው። ቦሊቪያ የኮቻባምባ ከተማን ውሃ እ.ኤ.አ. በ1999 ለ40 ዓመት ለአንድ የኩባንያዎች ማኅበር ሰጠች። በጨረታው የቀረበው ተወዳዳሪ አንድ ብቻ ነበር። አዲስ የወጣው ሕግ ነዋሪዎች በገዛ ጉልበታቸው የቆፈሯቸውን ጉድጓዶችና የኅብረተሰብ መስመሮች ጭምር በኮንሴሽኑ ሥር ሊያስገባ ነው የሚል ስጋት ተነሣ፤ የአንዳንዶች የወር ክፍያ በእጥፍ አደገ፤ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፣ የሰው ሕይወትም ጠፋ፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2000 ውሉ ተሰረዘ። በጅጌ ምንጭ ያጎለበተ የእኛ አገር ገበሬ ይህን ቢሰማ ቁጣው ይገባዋል፤ በቆቦ ሜዳም ሆነ በሌላው መስኖ ጎርፍና ወንዝ የሚያካፍለው የውሃ አባት ሥልጣኑን ያገኘው በሰነድ ሳይሆን ከተጠቃሚው ስምምነት ነውና። ይሁንና ሌላውም ገጽ መነገር አለበት፤ ድርጅቱ ወደ ሕዝብ ከተመለሰ በኋላም የኮቻባምባ ደቡባዊ ሰፈር ድሆች ለብዙ ዓመት ከቦቴ ውሃ መግዛታቸውን አላቆሙም። ውል መቅደድ ቧንቧ አይዘረጋም።

የእንግሊዝና የዌልስ ሙሉ ሽያጭ እ.ኤ.አ. በ1989 የተፈጸመ ሲሆን ሕጋችን ስለማይፈቅደው በአጭሩ እናልፈዋለን። ልብ የሚባለው ኩባንያዎቹ ሲሸጡም ዋጋ የሚወስን ጠንካራ ተቆጣጣሪ ማቋቋም ግድ መሆኑ፣ ዌልስም እ.ኤ.አ. በ2001 ትርፍ ለባለ አክሲዮን ወደማያከፋፍል ድርጅት መዞሯ ነው። ፓሪስ በበኩሏ በሁለቱ የሴይን ወንዝ ዳርቻዎች ለሁለት ኩባንያዎች ተሰጥቶ የነበረውን ሥርጭት የውሉ ዘመን ሲያበቃ እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ ከተማዋ መልሳ በተከታዩ ዓመት ዋጋውን በ8 በመቶ ቀንሳለች። አምስተኛውን መመዘኛ የሚያሟላው እንዲህ ያለ አካሄድ ነው፤ የውሉ ማብቂያ ቀን የታወቀ በመሆኑ ዝግጅቱ አስቀድሞ ተጀምሯል።

መ. የኅብረተሰብ አስተዳደር

የወሎ ገጠር በአብዛኛው የሚኖረው በዚህ ነው። ምንጭ ይጎለብታል፣ ወይም የእጅ ፓምፕ ይተከላል፣ ኮሚቴ ይመረጣል፣ ርክክብ ይደረጋል። በክልላችን እ.ኤ.አ. በ1994 በፊንላንድ ድጋፍ የተጀመረው የገጠር ውሃ ፕሮግራም በኋላ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ለውጧል፦ የግንባታውን ገንዘብ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በዛሬው ጸደይ ባንክ፣ በኩል በቀጥታ ለኮሚቴው አደረሰ። ሲሚንቶ የሚገዛውም ግንበኛ የሚቀጥረውም ኮሚቴው ራሱ ሆነ። ሒሳቡን ከመጀመሪያው የያዘ ሰው ጥገናውንም የራሱ ጉዳይ ያደርገዋል።

ከርክክቡ በኋላ ያለው ጊዜ ግን ከባዱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በደሴ ዙሪያ ካሉ ገጠር ቀበሌዎች ወደ አንዱ ስሄድ የእጅ ፓምፑ እጀታ በገመድ ታስሮ፣ በሲሚንቶው መደብ ላይ ፍየል ተኝቶ አገኘሁ። ገንዘብ ያዧ እናት በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ብር ፈተው አሳዩኝና፣ «ልጄ፣ ገንዘቡስ ይኸው አለ፤ የጠፋው ጎሚኒው ነው» አሉኝ። በመዳፍ የሚያዝ ላስቲክ ተበልቶ ነበር። የሚሸጥበትን ሱቅ የሚያውቅ አልነበረም፤ ያመለከቱበትም ቦታ ምላሽ አልሰጣቸውም፤ ሴቶቹ ወራት ሙሉ ወደ ወንዙ ተመልሰው ነበር። አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ የተሠራው ዘንጉና ቫልቩ ያለ ከባድ መሣሪያ በመንደር ሰው እጅ እንዲወጣ ታስቦ ነው። ፓምፑ ቀላል ሆኖ ሳለ ከጀርባው ዕቃና ባለሙያ የሚያቀርብ ሰንሰለት ስላልነበረ ውሃው ቆመ።

ይህን ክፍተት የሞሉ ሁለት አገሮችን መጥቀስ ይገባል። ሆንዱራስ ከየመንደሩ የውሃ ቦርድ ጋር እየተዘዋወረ የሚሠራ ቴክኒሻን መደበች። ቴክኒሻኑ በቦርዱ ፋንታ አይጠግንም፤ ይመረምራል፣ ያማክራል፣ መስመሮቹንም በአራት ደረጃ ይመድባል፦ ደኅና የሚሠራ፣ ያለ ትልቅ ወጪ በአስተዳደር የሚስተካከል፣ መንደሩ በአቅሙ ሊያወጣ የሚችለው ወጪ የሚፈልግ፣ እና ከመንደሩ አቅም በላይ የሆነ። የወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤቶቻችን ይህን ምደባ ያለ ተጨማሪ በጀት ነገ ሊጀምሩት ይችላሉ። በኬንያ በክዋሌና በኪቱይ ደግሞ መንደሮች በየወሩ ትንሽ ገንዘብ ለአንድ የጥገና ድርጅት እየከፈሉ፣ ድርጅቱ ብልሽት በሦስት ቀን ውስጥ ሊጠግን ውል ይገባል፤ ቀድሞ ፓምፕ ተበላሽቶ ወር ገደማ ይቆም ነበር።

ወሎ ለዚህ የሚሆን መሠረት አላት፤ ቅሬ፣ ሌላው አካባቢ እድር የሚለው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚያዋጣበት፣ የቀረ የሚቀጣበት፣ ሒሳቡ በአባላት ፊት የሚነበብበት ማኅበር ነው። የውሃ ኮሚቴ በየወሩ ለመሰብሰብ ሲቸገር እዚያው መንደር ያለው ቅሬ ግን መዋጮ አያጣም። የውሃውን መዋጮ ከቅሬው ጋር በአንድ ቀን መሰብሰብና፣ ሒሳቡን ግን በተለየ ደብተር ይዞ ባንክ ማስቀመጥ፣ ከአዲስ ሥልጠና ይልቅ ፍሬ ይሰጣል ብዬ አምናለሁ።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | ምሳሌ | የገንዘቡ ማደሪያ | ብክነትን የመቀነስ ዕድል | ለድሃው | መመለስ ቢያስፈልግ |
|---|---|---|---|---|---|
| ራሱን የቻለ የሕዝብ ድርጅት | ፕኖም ፔን፣ ኡጋንዳ | በድርጅቱ ሒሳብ | ከፍተኛ፣ ነፃነቱ እውነት ከሆነ | በቅናሽ መስመር | ቀላል |
| የኪራይ ውል | ሴኔጋል፣ ዳሬሰላም | በሁለቱ መካከል ይከፈላል | ጥሩ፣ ክትትል ካለ | በመንግሥት ድጎማ | ከባድ |
| ኮንሴሽን | ኮቻባምባ | በኩባንያው | እንደ ውሉ | አደጋ አለው | እጅግ ከባድ |
| ኮሚቴ ብቻ | ብዙ የገጠር ቀበሌ | በኮሚቴው | ዝቅተኛ | ርካሽ፣ እስኪበላሽ | ቀላል |
| ኮሚቴና ቋሚ ጥገና | ሆንዱራስ፣ ኬንያ | በኮሚቴውና በጥገና ሰጪው | መካከለኛ | አስተማማኝ | ቀላል |

ለማን የትኛው?

ለደሴ፣ ለኮምቦልቻና ለወልዲያ ዓይነት ከተሞች የመጀመሪያውን እመክራለሁ፤ ይኸውም ከነሙሉ ግዴታው፦ የተለየ የባንክ ሒሳብ፣ ለሥራ አስኪያጁ የሦስት ዓመት የአፈጻጸም ውል፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ጨምሮ ያልከፈለን የመቁረጥ ሥልጣን። በጀት ከሌለ በብክነት ፍተሻ ይጀመር። በአንድ ቀጠና ላይ፣ ፈረቃው ባልሆነበትና ሰው ሮቶ በማይሞላበት ሌሊት፣ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ መስመሩን ሞልቶ ከማጠራቀሚያው የወጣውን መለካት ነው፤ ሰው ተኝቶ ውሃው ከወረደ የወረደው ወደ መሬት ነው። መካከለኛ በጀት ያለው በየማጠራቀሚያው መውጫ ቆጣሪ ይግጠም። አዲስ ጉድጓድ ለማስቆፈር የሚበቃ ገንዘብ ያለውም ቢሆን ከዚህ ልኬት በፊት ባያስቆፍር ይሻላል።

ታሪፍ የሚያወጣ ቦርድ ስለ ጋራ ቆጣሪ እንዲያስብ አደራ እላለሁ። ፍጆታ ሲጨምር ዋጋው የሚጨምር ታሪፍ ድሃን ለመጥቀም የታሰበ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ግቢ ውስጥ አምስት ተከራይ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 4 ሜትር ኩብ ቢጠቀሙ ቆጣሪው 20 ይቆጥርና ሁሉም በውዱ እርከን ይከፍላሉ፤ ብቻውን 8 ሜትር ኩብ የሚጠቀም ባለ ቪላ ግን በረከሰው ይቀራል። መፍትሔው በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙትን አባወራዎች መመዝገብና እርከኑን በቁጥራቸው ማባዛት ነው። ደቡብ አፍሪካ ለአንድ ቤተሰብ በወር 6,000 ሊትር፣ ማለትም 300 ጀሪካን፣ በነፃ እንዲሰጥ ስትወስን ወጪውን ለማዘጋጃ ቤቶች ከማዕከላዊው መንግሥት በሚመደብ በጀት ደግፋለች፤ ያ ድጎማ በሌለበት ለእኛ የሚቀርበው በቦኖ ውሃ የሚሸጠውን ጀሪካን ርካሽ አድርጎ ማቆየት ነው።

እንደ መርሳ፣ ውጫሌና ኩታበር ያሉ ትንንሽ ከተሞች እያንዳንዳቸው መሐንዲስና ኤሌክትሮ መካኒክ ለመቅጠር አቅም ያጥራቸዋል። ሦስት አራት ሆነው አንድ የጥገና ቡድንና አንድ የመለዋወጫ መጋዘን በጋራ ቢይዙ ወጪው ይከፋፈላል፤ የየከተማው ቦርድ እንዳለ ይቀራል።

በደጋው፣ ውሃ ከላይ በራሱ ኃይል በሚወርድበት ቀበሌ፣ ምንጭ ማጎልበትና ኮሚቴ ከሁሉም ይረክሳል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት መብራት ሲጠፋ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ ሁሉ ሲቆም፣ በራሱ የሚወርድ ምንጭ መብራት አልጠየቀም። በቆላው፣ በጥልቅ ጉድጓድና በሞተር ውሃ በሚወጣበት አካባቢ ግን በጎ ፈቃደኛ ኮሚቴ ብቻውን አይበቃም፤ ደመወዝ የሚከፈለው ኦፕሬተርና የተጻፈ የጥገና ውል ያስፈልጋል። በየትኛውም ቀበሌ ቢሆን ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች ስለሆኑ ገንዘብ ያዧና ሰብሳቢዋ ከእነሱ ወገን ብትሆን የተሻለ ነው።

ገንዘብ ለምታሰባስቡ ተወላጆች ማኅበራት የምመክረው ከምታዋጡት አሥር ብር ሁለቱን ከግንባታው ለይታችሁ ለመለዋወጫና ለአምስት ዓመት የጥገና ክፍያ እንድታስቀምጡ ነው። መሬቱ ከመቆፈሩ በፊት ኮሚቴውን፣ የወረዳውን ውሃ ጽሕፈት ቤትና ጠጋኙን አንድ ላይ አስቀምጡና ሦስቱንም አስፈርሙ፤ በወረቀቱ ላይ የጠጋኙ ስም፣ ስልኩ፣ በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ ማን እንደሚከፍለውና ጎሚኒው የሚገዛበት ሱቅ ይጻፍ፤ አንዱ ቅጂ ገንዘብ ያዧ እጅ፣ አንዱ ቅሬው ደብተር ውስጥ ይቀመጥ።